ጎማን ያስመረመርን ጊዜ

ሆሳዕና፣ ጥቅምት 14 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለያሲን፣ ፖርት ኤልዛቤጥ

አሰላሙ አለይኩም። አላህ በሰው አገር ከክፉ ሰውና ከክፉ ቢላዋ ይጠብቅህ፤ የአባትህን ሳይሆን የአያትህን ዕድሜ ይስጥህ። እኔ አክስትህ ጀሚላ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ነገ ከነገ ወዲያ ረመዳን ይገባል፤ አብረን የምናፈጥርበት ዓመት ይሁንልን ብያለሁ።

ይህን የምትጽፍልኝ እንደ ሁልጊዜው ኢክራም ናት። የእኔ ጽሑፍ ዶሮ የጫረው እንደሚመስል ታውቃለህ። አሁን ሞርሲቶ ታስተምራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ራሷን በደብዳቤ ውስጥ ማስገባት ታፍራለች። እኔ ግን ያሳደግኋት የባሌ እህት ልጅ፣ ያንተ እጮኛ፣ ደህና ናት ብለሽ ጻፊ አልኳት። አንገቷን ደፍታ ጽፋለች።

ሱቁን ዘግተህ የድመቶች መጠለያ ተቀጠርክ ሲሉኝ ስቄ ነበር። ሰው ስንት ድንበር አቋርጦ ሄዶ የድመት አሳዳሪ ይሆናል? አሁን ግን ሥራህ ጠቀመኝ። ሻይ ቤቴ መናኸሪያው አጠገብ በመሆኑ የተጎዳ ድመት ሁሉ እኔ ጋ ነው የሚመጣው። አንዱን ወንድ ድመት ከአዲስ አበባው አውቶቡስ ጎማ ሥር ነው ያወጣሁት። አንድ እግሩ ቀርቷል፤ ስሙን ጎማ ብለነዋል። በሦስት እግሩ የሰፈሩን ወንድ ሁሉ ይደበድባል። ወይዘሮ የምንላት እናት ድመት ደግሞ ወልዳ ነበር። ልጆቿ ድዳቸው ነጣ፣ ከሱ፣ ተራ በተራ ሞቱብኝ። የጎማም አፉ እየቆሰለ ነው። እዚያ ሐኪም አለና ጠይቅልኝ፤ ምን ይሆን?

የምትመጣበትንም ቀን ቁርጡን ጻፍ። ኢክራም አትጠይቅም፤ እኔ እጠይቃለሁ።

በዱዓ የማትረሳህ አክስትህ ጀሚላ

ፖርት ኤልዛቤጥ፣ ኅዳር 20 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለማከብርሽ አክስቴ ጀሚላ

የአላህ ሰላም በቤትሽ፣ በጉልበትሽና በሻይ ቤትሽ ላይ ይሁን። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ የመናኸሪያው ጥሩንባ የተሰማኝ መሰለኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ያልሽኝን ለሐኪሟ ነገርኳት። ደማቸው ይመርመር አለች። እዚህ ከመንገድ የተነሳ ድመት ሁሉ መጀመሪያ ለብቻው በሽቦ ቤት ይቀመጣል። እኔ በፎጣ ጠቅልዬ እይዘዋለሁ፣ እሷ ጥቂት ደም ትቀዳለች፤ ሻይ ተቀድቶ እስኪጠጣ ውጤቱ ይታወቃል። ሳይመረመር ከሌሎቹ ጋር የሚቀላቀል የለም። የሚፈለጉት ሁለት ቫይረሶች ናቸው። አንደኛው የደም ካንሰር የሚያመጣው ነው። በምራቅ፣ በመላላስ፣ በአንድ ሳህን በመብላት ይተላለፋል፤ ግልገሎችን ቶሎ ይጨርሳል። የወይዘሮን ልጆች የገደለው እሱ ሊሆን ይችላል ብላለች። ሁለተኛው በንክሻ ነው የሚተላለፈው፤ ስለዚህ እንደ ጎማ ያሉ ተደባዳቢ ወንዶች ላይ ይበዛል። ይህኛው የድመት ኤድስ ይባላል።

ነገር ግን አትደንግጪ፤ ሁለቱም ወደ ሰው አይተላለፉም። ሐኪሟ ራሷ በባዶ እጇ ነው የምታቅፋቸው። አንቺም አስመርምሪ። መመርመሪያው እናንተ ጋ እንደማይገኝ አውቃለሁና አገር ቤት የሚገባ ሰው ሳገኝ እልካለሁ። አለማወቅ ነው የሚጎዳው አክስቴ።

የመምጣቴ ነገር ወረቀቴ ስላላለቀ ትንሽ ይዘገያል። ለኢክራም ሰላምታዬን ራሷ ታንብበው።

ልጅሽ ያሲን

ሆሳዕና፣ ጥር 8 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለያሲን

አላህ ጤናህን ይጠብቅ፤ ምላስህንም እንደዚያው። አገር አመስህብኝ።

የደቡብ አፍሪካ ደብዳቤ የአንድ ሰው እንዳልሆነ ረስተሃል? ልጅ የላከ ሁሉ ይሰበሰባል፤ ምናልባት የልጃችን ስም ይነሳል ብለው እናቶች ከዳምቦያ ሳይቀር ይመጣሉ። ኢክራም ሞርሲቶ ነበረች። ሾፌሩ ረሻድ ጥሩ አንባቢ ነው ተባለና ሻይ ቤቱ መሀል ቆሞ በትልቅ ድምፁ አነበበው። «የድመት ኤድስ» ያልክበት ላይ ገጹ አለቀ። ረሻድ ገጹን እስኪገለብጥ የሚሰማው ጠፋ። አንዷ ሴት ያፈላሁትን ሻይ ወለሉ ላይ ደፋችው። ወደ ሰው አይተላለፍም የሚለውን የሰማነው እኔና ረሻድ ብቻ ነን።

ከዚያ ወዲህ ደንበኞቼ ስኒ ከቤታቸው ይዘው ይመጣሉ። ያውም የሚመጡት። ሌላው ማዶ ካለው ሻይ ቤት ነው የሚቀመጠው። ባለፈው ሰኞ ወይዘሮን ጓሮ ሞታ አገኘኋት፤ አፏ አረፋ ነበረበት። መርዝ ማን እንደሰጣት አልጠየቅሁም። ብጠይቅስ ማን ይነግረኛል? ልጆቿን ስትልስ የከረመች ድመት ናት፤ በጣም አለቀስኩ።

አንተ አስመርምሪ ትላለህ። የታመመውን አስታምማለሁ፣ የሞተውን እቀብራለሁ። ደህና የሚበላ፣ የሚጫወት ድመት ደሙን ቀድቼ ምን ላገኝ ነው? አውቄ ምን ላደርገው? ቤቴ ውስጥ ድመት እንጂ ወረቀት አላሳድግም። ደግሞ አንድ ነገር ሳትነግረኝ አልፈሃል። እናንተ ጋ የተገኘበትን ድመት ምን ታደርጉታላችሁ?

ከእንግዲህ ደብዳቤህን የሚከፍት ከኢክራም በቀር ማንም የለም። ቅዳሜ እስክትመጣ ከሣጥኔ አይወጣም፤ መልስ ሲዘገይ በዚህ ነው።

ተቆጥታም የምትወድህ ጀሚላ

ፖርት ኤልዛቤጥ፣ የካቲት 26 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለተከበርሽው አክስቴ

ሰላምሽ ይብዛ። በደብዳቤዬ ምክንያት የደረሰብሽን ሳነብ እንጀራዬን መብላት አቃተኝ። ስለ ወይዘሮ አላህ ይካስሽ። አውፍ በይኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ግን አሁን መመርመሩ የባሰ ያስፈልጋል። ሰው የሚፈራው ስላላወቀ ነው። እዚህ ያለው የአገራችን ልጅ ወንዳፈረው ለአባቱ ለቅሶ አገር ቤት እየገባ ስለሆነ ጥቂት መመርመሪያ በእሱ እጅ ልኬልሻለሁ። ሙቀት አይወድም፤ ጎረቤትሽ ለስላሳ የሚያቀዘቅዝበት ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ። የግልገል ውጤት የእናቱን ደም አሳይቶ ሊያሳስት ስለሚችል ከትልቆቹ ጀምሪ። ጤነኛ መስሎ ቫይረሱ የተገኘበትም ቆይቶ ደግሞ ይመረመራል። የሚደባደብ ወንድ መኮላሸት አለበት፤ እንዲያውም ከምርመራ ይልቅ ገንዘቡ ሁሉ እዚያ ላይ ይዋል የሚሉ ሐኪሞች እዚህ አሉ። ከአሠሪዬ ከሴትዮዋ ጋር በዚህ ይጨቃጨቃሉ። እሷ ሁሉም ይመርመር ባይ ናት።

ለቤቱ ማደሻ ጥቂት ገንዘብም ወንዳፈረው ይዟል። ስለ ሠርጉና ስለ ኒካሁ በሚቀጥለው እጽፋለሁ።

ልጅሽ ያሲን

ሆሳዕና፣ ሚያዝያ 16 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለያሲን፣ አላህ ከሥራህ ፍሬ ይስጥህ

ወንዳፈረው ያመጣውን ሰጥቶኛል። መመርመሪያህ ከሚሪንዳ ጠርሙስ ጋር ሲቀዘቅዝ ከረመ።

እንቢ ብዬ ነበር። ግን ማዶ ያለው ሻይ ቤት ሲሞላ፣ የእኔ ጀበና ሲቀዘቅዝ ስንት ቀን ልይ? ይመርመሩ፣ እናንተም ቁሙና እዩ አልኳቸው። ደም የሚቀዳ ሰው ጠፋ። የግብርና ጽሕፈት ቤቱ የከብት ሐኪም ጴጥሮስ፣ የዱራሜው ካቶሊክ ልጅ፣ «እትዬ ጀሚላ፣ በሬ ቢሆን ዓይኔን ጨፍኜ እቀዳ ነበር፤ የድመት ደም ሥር ግን አይቼ አላውቅም» አለኝ። ለምኜ አመጣሁት። ጎማን በሻሼ ጠቅልዬ ያዝኩት። ሦስት እግር ብቻ ያለው አይመስልም፤ የጴጥሮስን ክንድ ተረተረው። ጴጥሮስ አማተበ፣ እኔ ቢስሚላህ አልኩ፣ ደሙ መጣ።

መመርመሪያው ላይ ሰማያዊ ነጥብ ወጣ። ጴጥሮስ የእንግሊዝኛውን መመሪያ ደጋግሞ አነበበና «የንክሻው ነው፤ አለበት» አለ። ወደ ሰዉም ዞሮ ይህ የድመት ብቻ እንደሆነ፣ ወደ ሰው እንደማይመጣ ክንዱ እየደማ አስረዳ። ሻሂ የምንላት ሴቷ ድመትም ተመረመረች። እሷ ነጻ ናት፤ ነጻ መሆኗን ግን ያስተዋለ የለም። ሁሉም የሚያየው ጎማን ነበር። «ታዲያ አታስወግጂውም? ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉኝ። እንዲያው እኮ በሰላም ነው የሚሉት፤ ቆሻሻ እስኪደፋ እንደሚጠብቅ ሰው።

ሳላውቅ ያቀፍኩትን ድመት አውቄው አቅፌ ቆምኩ። ያሲን፣ ይህን ነው ያልወደድኩት። ደሙ ከመቀዳቱ በፊትም ቫይረሱ ነበረበት። ያን ጊዜ ግን የሚሞትበትን ቀን የሚጠይቀኝ አልነበረም።

ለጠየቅሁህም አልመለስክም። የተገኘበትን ምን ታደርጉታላችሁ? ስለ ኒካሁ እጽፋለሁ ያልከውም አልመጣም።

አክስትህ ጀሚላ

ፖርት ኤልዛቤጥ፣ ሰኔ 30 ቀን 1996 ዓ.ም.

አክስቴ ጀሚላ

ሰላም ላንቺ ይሁን። ሁለት ጊዜ ጠይቀሽኝ ሁለት ጊዜ ዘለልኩት።

የተገኘበትን ይወጉታል። አያመውም፤ ይተኛና አይነሳም። ከሽቦ ቤቱ አውጥቼ እስከ ጠረጴዛው የምወስደው እኔ ነኝ። ብዙዎቹ የታመሙ አይመስሉም። ጭንቅላታቸውን ክንዴ ላይ እያሹ ነው የሚሄዱት፤ ቁርስ ሊሰጣቸው መስሏቸው። ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም፤ ቦታ የለም፣ ለጤነኞቹ ነው ትላለች። እኔም ለብዙ ጊዜ እውነቷን ነው ስል ነበር። አሁን ግን ውጤቱን የምጠብቀው በር ላይ ቆሜ፣ ዓይኔን ከመመርመሪያው አዙሬ ነው።

ጎማን አትስጪያቸው። ከሌሎቹ ጋር እንዳይናከስ ለይተሽ አኑሪው።

ኒካሁ ለመጪው ዓመት ይሁንልን። በዚህ ዓመት ከሥራ አልተለቀቅሁም።

ያሲን

ሆሳዕና፣ መስከረም 15 ቀን 1997 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለያሲን

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰህ፤ ዘመኑ የሚያገናኘን ይሁን። አሁን ነው የጻፍክልኝ። ከእስካሁኑ ሁሉ የመጨረሻዋን አጭር ደብዳቤህን ወደድኳት።

ጎማን አልሰጠሁም። መኝታ ክፍሌ አስገባሁት። ጴጥሮስ አኮላሸልኝ፤ በዚህኛው እንኳ እጁ ለምዷል። መስኮቱ ላይ ተቀምጦ አውቶቡስ ሲገባና ሲወጣ ሲያይ ይውላል፤ እግሩን የበላውን መኪና የሚፈልግ ነው የሚመስለው። አፉ ሲቆስል መድኃኒት እቀባዋለሁ፣ ሥጋ አድቅቄ አበላዋለሁ። ወፍሯል። ሰዉም እየለመደ ነው። ረሻድ መጀመሪያ በእኔ ብርጭቆ ጠጣ፣ ሌሎቹም ሳይሞት ሲያዩት ተመለሱ። ስኒዋን ይዛ የምትመጣ አሁንም አለች። ትምጣ፤ ሻዩ ያው የእኔ ነው።

አሁን የድመቱን ነገር ልተው። ኢማማችን ሙሽሮቹ ሁለቱም ደማቸው ሳይመረመር ኒካህ አላስርም ብለዋል። ብዙ ወጣት ቀብረዋልና አልፈርድባቸውም። ኢክራም ማንም ሳይጎተጉታት ጤና ጣቢያ ሄዳ ተመረመረች። ነጻ ናት። አንተም እዚያው ተመርመርና ጻፍልን። ዕለት ዕለት የምትሠራው ሥራ ነው፤ አዲስ አይሆንብህም።

ይህን ሳስጽፍ የኢክራም እጅ ቆመ። ጻፊ አልኳት። ጻፈች።

የሁለታችሁም አክስት ጀሚላ

ፖርት ኤልዛቤጥ፣ ጥር 12 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ

እንደምን ከረምሽ? በመዘግየቴ ይቅርታ። እዚህ ሥራው በዝቶ ቀንና ሌሊቱ ተቀላቅሎብኛል። ለአንቺ ሻሽ፣ ለኢክራም የቀሚስ ጨርቅ፣ ለቤቱ ቆርቆሮ የሚሆን ገንዘብም ልኬያለሁ። ከወንድሞች ጋር የተነሳሁትን ፎቶም ጨምሬያለሁ።

ስለ ምርመራው ያልሽው ገብቶኛል። እኔ ግን ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እሠራለሁ። በፎቶው ከስቼ ብታዪኝ ከሥራ ነው። ደህና የሚበላን ደሙን ቀድቼ ምን ላገኝ ነው፣ አውቄ ምን ላደርገው ያልሽው አንቺ አልነበርሽም? ያኔ በልቤ ተከራክሬሽ ነበር፤ አሁን ሳስበው እውነት ነበረሽ። ኢማሙን ብታነጋግሪልኝ፣ ከመጣሁ በኋላ ቀስ ብለን እናየዋለን።

አክባሪሽ ያሲን

ሆሳዕና፣ የካቲት 19 ቀን 1997 ዓ.ም.

ያሲን

አላህ ከፍርሃትህ ያውጣህ። ከዚህ የሚበልጥ ዱዓ ዛሬ የለኝም።

ሻሹም ጨርቁም ገንዘቡም ደርሷል። ጨርቁን ኢክራም አልቆረጠችውም፤ አጥፋ አስቀምጣዋለች። ከእንግዲህ ብር አትላክ። መልስ ላክ።

ያን ማለቴ እውነት ነው። ፈርቼ ነው ያልኩት። የፈራሁት በሽታውን አይደለም፤ ከታወቀ በኋላ ሰው የሚያደርገውን ነው። አንተ ደግሞ ያን የየዕለት ሥራህ አድርገኸዋል። ስንቱን በክንድህ ወስደህ የት እንዳደረስክ ታውቃለህ፤ ስለዚህ ራስህንም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ታየዋለህ። ፎቶህን አይቻለሁ። ሸሚዙ የሌላ ሰው ነው የሚመስለው።

ስማኝ። እኔ አሠሪህ ሴትዮዋ አይደለሁም። ምንም ቢገኝብህ ይህ ቤት ቤትህ ነው፤ ክፍልህ ተጠርጓል። ኒካሁ ግን በምርመራው ነው። ኢክራምንም ያሳደግኋት እኔ ነኝና አንዱን ልጄን ለሌላው አላበላም። አንዱን ሰምተህ ሌላውን እንዳትተው።

ጴጥሮስ የሰዉ ኤድስ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ጀምሯል ይላል። ይህንንም ጻፊለት አልኳት።

ጀሚላ

ፖርት ኤልዛቤጥ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1997 ዓ.ም.

ኢክራም፣ ይህን የምትከፍቺው አንቺ እንደሆንሽ አውቃለሁ። ለአክስቴ ጮክ ብለሽ ከማንበብሽ በፊት ብቻሽን አንብቢው። ከፈለግሽ ደጅ ወጥተሽ።

ተመረመርኩ። ተገኝቶብኛል።

ከዓመት በላይ ጠርጥሬ ነበር። ለዚህ ነው ቀኑን የምገፋው፤ ወረቀትም ሥራም አልከለከለኝም። ከየት እንደመጣብኝ በደብዳቤ አልጽፍም። ፊት ለፊት ከጠየቅሽኝ ግን እነግርሻለሁ፤ አንዲት ነገር አልደብቅሽም። ከዛሬ ጀምሮ ከቃልሽ ነጻ ነሽ። ጨርቁን ለፈለግሽው ቁረጪው። ይህን ስጽፍ እጄ እንደ አንቺ እጅ ቆሞብኛል።

ከዚህ በታች ያለውን ለአክስቴ አንብቢላት።

አክስቴ፣ ውጤቱን የሰማሁ ዕለት ወደ ሥራ ተመለስኩ። አንድ ግራጫ ድመት ነጥብ ወጥቶበት ነበር። ሴትዮዋ ውሰደው ስትለኝ እንቢ አልኳት። ሌላ ሰው ወሰደው። አድነዋለሁ ብዬ አይደለም፣ እግሬ አልሄድ አለኝ። ሥራውን ትቻለሁ። ለትኬት የሚሆን አለኝ።

ክፍልህ ተጠርጓል ብለሻል። ሰው ስኒውን ይዞ ይመጣል፣ ማዶም ይሻገራል። በድመት ምክንያት ያደረጉትን አይተናል፤ በእኔማ እንዴት ይሆናል? ይህን ሁሉ አስበሽ ና ካልሽኝ እመጣለሁ። ዝም ካልሽ እዚሁ እቀራለሁ፤ አልቀየምሽም።

ልጅሽ ያሲን

ሆሳዕና፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1997 ዓ.ም.

ያሲን

ይህን የጻፍኩት እኔው ነኝ። ፊደሉ ቢያስቸግርህ ቀስ ብለህ አንብበው፤ እኔም ቀስ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ኢክራም ጓሮ ወጥታ አነበበች። ብዙ ቆየች። ከዚያ ገብታ ለእኔ የተጻፈውን እስከ መጨረሻው አነበበችልኝ፤ ድምፅዋ አልተቆረጠም። ለእሷ የጻፍከውን አልነገረችኝም፣ አልጠየቅኋትም። ግን ገብቶኛል። በማግስቱ ሞርሲቶ ተመለሰች። ጨርቁን ይዛው ሄዳለች፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ስትወጣ «ይምጣ፤ የምጠይቀው አለኝ» አለች። ኒካሁ እንደማይኖር ሁለታችንም አውቀናል። አልቅሻለሁ። ለሁለታችሁም ነው ያለቀስኩት።

ስለ ስኒው አስቤበታለሁ። የሚሻገር ይሻገር።

ስትመጣ መናኸሪያው ውስጥ አልጠብቅህም፤ ግርግሩን አልችልም። የቤቴ በር ላይ እቆማለሁ። ጎማ መስኮቱ ላይ ይሆናል። ዛሬም ሥጋውን ጨርሶ በላ።

ና።